የመስኮቱ አንቴና

በጉለሌው ቤታችን ቴሌቪዥኑ ጥርት የሚለው አንድ ሰው መስኮቱ ጋ ቆሞ አንቴናውን በእጁ ሲይዝ ብቻ ነበር። ያዡ ሁልጊዜ አባቴ ነበሩ። ለቀቅ ካደረጉት ምስሉ ይሰባበራል፣ ድምፁ ይቆራረጣል።

«አሁንስ ልቀመጥ?» ይሉ ነበር፣ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ እንደሰጡ።

«ትንሽ ይቆዩ አባባ፣ ሊያልቅ ነው» ትላለች ባለቤቴ ሾዴ። «የእኛ ማሰራጫ እኮ እርስዎ ነዎት!»

እንስቃለን። እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ።

ሰኔ ላይ አረፉ። ከቀብር በኋላ አዲሱ ገበያ ወርጄ ሌላ አንቴና ገዛሁና ጣሪያው ላይ ሰቀልኩ። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ትናንት ከሰዓት፣ በድራማው መሀል፣ ዝናብ መጣና ምስሉ ተሰባበረ። የአንቴናው ገመድ ላልቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነቀልኩት። ቴሌቪዥኑ ጨለመ።

«ኧረ አባባ፣ በደንብ ይያዙት!» አለች ሾዴ፣ ልማድ ሆኖባት።

ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። የነቀልኩት ገመድ ግን ገና እጄ ላይ ነበር።

«አሁንስ ልቀመጥ?» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ በኩል ሰማን።

ከሾዴ ጋር ተያየን። ድራማው ገና አላለቀም ነበር። «ይቀመጡ» ያለ ግን ከሁለታችን አልተገኘም።