የሙሽሪት እግር ለምን ነጣ

የሙሽሪት እግር መንጣት የጀመረው የምርጥ ዶሮዎች ውድድር ሲቃረብ ነው። ሙሽሪት ዶሮ ናት። ባለቤቷ ጡረታ የወጣ አናጺ ነው፤ ልጅ አልወለደም፣ ዶሮ ግን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል። የእሷ ዘር የሚታወቀው በእግሩ ነው። እንደ በሰለ ሎሚ ቢጫ ካልሆነ ዳኞች ዞር ብለውም አያዩት።

አናጺው የእያንዳንዷን ዶሮ እናትና አያት በቃሉ ያውቃል። አባቱ በስተርጅና የገዛ ልጆቹን ስም ረስቶ ስለሞተ፣ እሱ አእምሮውን በዶሮ ዘር ቆጠራ ያፍታታል። ጎረቤቶቹ "ስለ ዶሮ እንዳትጠይቀው፣ ይመሽብሃል" ይባባላሉ።

ሙሽሪትን አቅፎ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ወጣት ነው። የእግሯን ቅርፊት ገለጥ እያደረገ ቅንቅን ፈለገ፤ ውስጥ እግሯን ተጫነ። እብጠትም ቁስልም የለም።

"ጤነኛ ናት አባባ። ባለፈው እንዳልኩዎት እንቁላል እየጣለች ነው። ቢጫው ከእግሯ እየወጣ አስኳሉ ውስጥ ይገባል። መጣል ስታቆም ይመለስላታል።"

"ባለፈው አላልከኝም።"

ሐኪሙ ፈገግ አለ። "እሺ፣ አሁን አልኩዎት።"

"እንቁላልማ የለም። በቀን ስንቴ ገብቼ አያለሁ መሰለህ፤ ጎጆዋ ባዶ ነው።"

"እንግዲህ እግር አይዋሽም አባባ። የሚዋሽ ካለ ሌላ ነው።"

ሐኪሙ ቀልዱን ነበር። ቀልዱ ግን አናጺው ሆድ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እየተሰረቀ ነው ማለት ነው። የግቢው በር ይቆለፋል፤ አይጥ ቢበላው ደግሞ ስባሪ ይተው ነበር። ቤቱ ውስጥ ያሉት እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው።

ሚስቱ ከዶሮዎቹ ጋር ተዋድዳ አታውቅም። "እኔን አግብተህ ከእነሱ ጋር ነው የኖርከው" እያለች ትስቅበታለች። ሰሞኑን ግን ሳቁን ትታለች። ማታ ማታ የእሱን ካፖርት ከመስቀያው አውርዳ ጓሮ ወስዳ ታራግፋለች፤ የዶሮ ቤት ሽታ አስቸገረኝ ባይ ናት። ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ እሱ ብቅ ካለ ወሬዋን ትቆርጣለች። አናጺው ይህን ሁሉ ልብ ማለት ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት ማድ ቤት ሲገባ ዱቄት ዕቃው ላይ አጎንብሳ አገኛት። እንቁላል እየቀበረች ነበር። ፈዛዛ ቡናማ፣ ጫፉ ሾል ያለ፤ የሙሽሪትን እንቁላል እሱ አይስትም።

"ከየት አመጣሽው?"

የዱቄት ዕቃውን ከደነች። ፊቷ ላይ ያየው ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ የሌባ ነው ብሎ ያምናል።

"እኔ ነኝ የወሰድኩት" አለች በመጨረሻ።

"ለምን?"

"ወሰድኩ አልኩህ። ሌላ ምን ልበልህ?"

"መጣሏን ባውቅ ኖሮ አስቆማት ነበር። እግሯን ያነጣሽው አንቺ ነሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ከሌባ ጋር ነው የኖርኩት?"

ቃሉ ራሱንም አስደነገጠው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አልመለሰውም።

እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ይሁን፣ ሌባ በለኝ" አለች ቀስ ብላ። "እሱ ይሻላል።"

በማግስቱ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። አልቅሳ እንዳደረች ዓይኗ ያስታውቃል።

"ምድጃውን ማጥፋት እንዳትረሳ። ቁልፉንም ሁሌ ምስማሩ ላይ ስቀለው።"

"እኔ ምን ረስቼ አውቃለሁ?"

የምትለው ነገር ያላት መሰለ። ከዚያ የካፖርቱን ኮሌታ አስተካክላለት ወጣች። ሮጦ ቢመልሳት ደስ ባለው፤ ኩራቱ ያዘው። ቤቱ ጭር አለበት። አንዴማ "እራት አልደረሰም?" ብሎ ተጣራ፤ ሌባ ብሎ እንዳባረራት ትዝ ሲለው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የውድድሩ ቀን ሙሽሪትን ጠረጴዛው ላይ አቆማት። ዳኛዋ ክንፏን ዘርግታ፣ ላባዋን እፍ ብላ ገልጣ አየች።

"ቁመናዋ ግሩም ነው። እግሯ ግን ገርጥቷል። እየጣለች ነው አይደል?"

"አቁማለች። ሚስቴ ነበረች እየደበቀች የምትወስድብኝ። እሷ ከሄደች ወዲህ አንድም አልጣለችም።"

ዳኛዋ ሁለት ጣቷን ከዶሮዋ ጭራ ሥር አስገብታ አጥንቱን ለካች። "አይ አባባ። የምትጥል ዶሮ አጥንቷ ይሰፋል፤ ይህቺ አሁንም እየጣለች ነው።"

"አይሆንም። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም" አለ አናጺው። እግሯን ወልውሎ ሊያሳያት ጨርቁን ፍለጋ እጁን ካፖርቱ ኪስ ከተተ።

አንድ እንቁላል ነካ፤ ከጎኑ ሌላ፣ ከጎኑም ሌላ።