የስብሰባ ክፍሉ ቁጥር

የፕሮግራሙ ሥራ ቀላል ነበር። በስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በካሜራ ይቆጥራል፤ ማንም ከሌለ መብራቱን አጥፍቶ በሩን ይቆልፋል። ክፍሉ ባዶ ሆኖም ግን «አንድ ሰው አለ» ይላል። የፕሮግራሙ ፈታሽ ስህተቱን ደጋግማ መዘገበች፤ ስህተት የሚያርመው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ «ስህተት የለም» እያለ መዝገቡን ይዘጋባታል።

«ይሄ ነገር ወይ ሥራ ጠልቷል፣ ወይ እየዋሸኝ ነው» አለች።

«ካንቺ ተምሮ ይሆናላ!» አለ አጠገቧ የሚሠራው ባልደረባዋ። «ነገ ርክክብ ነው፣ እህቴ። ፈርሚና እንገላገል።»

እሷ ግን በዓይኗ ሳታይ አትፈርምም። ሰው ተቆልፎበት ቢቀር ተጠያቂዋ እሷ ናት። ክፍሉ ገብታ ጠረጴዛው ሥር አጎንብሳ አየች፤ የካሜራውን መስታወት ወለወለች፤ ወጥታ በሩን ዘጋች። በመስታወቱ ግድግዳ በኩል የሚታዩት ባዶ ወንበሮች ብቻ ናቸው። ስክሪኑ አሁንም «አንድ» ይላል።

«ክፍሉ ባዶ ነው። ቁጥሩን አርም» ብላ ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ጻፈች።

«ካረምኩት በሩ ይቆለፋል። ማንም እንደሌለ ታረጋግጫለሽ?»

ከዚህ በፊት እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ባልደረባዋን ዞራ አየችው፤ ትከሻውን ሰበቀ።

«አረጋግጣለሁ።»

ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። መብራቱ ጠፋ፤ ቁልፉ ቀጭ አለ።

«ይኸው፣ አለቀ!» አለ ባልደረባዋ።

ከመስታወቱ ወዲያ፣ በውስጥ በኩል ያለው የበሩ እጀታ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። ተመለሰ። ከዚያ እንደገና ወረደ፤ አሁን በኃይል።