አዲሱ የባሩድ ቆርቆሮ

ባሩድ በተተኮሰ ቁጥር ጩኸቱን ከተኳሹ ቤት ድምፆች አንዱን እያነሳ መውሰድ ከጀመረ ወዲህ፣ አባዬ አዲስ ቆርቆሮ በከፈተ ቁጥር የኔ ሥራ ቤት ቁጭ ብዬ የትኛው ድምፅ እንደጎደለ መንገር ነው። ስሙ አንድ የሆነ ባሩድ ሁሉ ጠባዩ አንድ አይደለማ!

ያለፈው ቆርቆሮ ጨዋ ነበር። የበሩን ሲጥሲጥታ ወሰደ፣ ከዚያ የማንኪያውን ኳኳታ። «የወንድሜን ማንኮራፋት እንዲወስድ እዘዘውማ» ስለው፣ «ባሩድ እንዳንቺ ነው፣ ትእዛዝ አይሰማም» አለኝ።

ዛሬ አዲሱን ከአሮጌው እኩል መዝኖ ቀለሃ ውስጥ ሞላና፣ ለማስተያየት ሦስት ጥይት ይዞ ወደ ማሳው ወረደ።

የመጀመሪያው ጮኸ። ድስቱን መታሁት፤ ይሰማል። ዶሮዋም ትንጫጫለች።

«እማዬ፣ ይሄኛው እኮ ምንም አልወሰደም!»

ልብስ እያጠፈች መለሰችልኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለም። የምትቀልድብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ጉሮሮዋን ስትይዝ ነው ወደ ደጅ የሮጥኩት።

አባዬ ሁለተኛውን አነጣጥሯል። «አትተኩስ» ልለው አፌን ስከፍት ተኩሱ ቀደመኝ። ጮህኩ፤ ለራሴም አልተሰማኝም።

«እህስ፣ ምን ጎደለ?» አለኝ ከታች።

እንዲያቆም ሁለት እጄን አወናጨፍኩለት። እሱ ግን «ምንም» ያልኩት መስሎት፣ ፈገግ ብሎ ሦስተኛውን አጎረሰ።