እጅሽ ከበደ

በንግግር ብቻ የሚሰጠው የሰመመን ሕክምና ሊጀመር ሲል የሴትዮዋ እጆች በረዶ ሆነው ነበር፤ ጣቷ ላይ የተሰካው መሣሪያ የልብ ምቷን ሰማንያ አራት ያሳያል። እንቅልፍ ካጣች ወራት አልፈዋል። ሐኪሟን አፈላልጎ ያገኘላት ባሏ ዘሪሁን ከጎኗ ተቀምጧል።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለች ዶክተር ሰሎሜ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ቀኝ እጅሽ ከበደ... ክንድሽ ከበደ...»

እውነትም ክንዷ ውኃ እንደ ጠጣ ጋቢ ከበደ። መዳፏ ሞቀ፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ ወደ አንገቷ ወጣ፤ ከንፈሯ ላላ።

«ከበዴ» አለች፤ «በሩን ዝጋው እንጂ፣ ሰው ያየናል።»

የገዛ ድምፅዋ አባነናት። ከበደ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራያቸው ሰው ነው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ፤ ዓይኗን ለመግለጥ አፈረች።

«ምን አለች፣ ዶክተር?»

«ከበደኝ ነው ያለችው። በሰመመን ውስጥ ሰው ይቀባጥራል» አለች ሐኪሟ ፈጠን ብላ። «በይ እህቴ፣ አሁን እጅሽ ቀለለ... ሰውነትሽ ቀለለ...»

ባሏ ያመነ መሰላት፤ ብዙ ቆይቶም ምቷ ወደ ሰባ ሁለት ወረደ።

ይኼኔ ዘሪሁን መነጽሩን አደረገና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ከበደ» አለ፣ በቀስታ።

ከዚያም ቀና ብሎ መሣሪያውን ተመለከተ። መቶ አሥራ ስምንት ይላል።