የተነፈሰው ጎማ

እሁድ ረፋድ ላይ ዓምደሚካኤል ብስክሌቱን በመሪዋና በኮርቻዋ ገልብጦ ደጃፉ ላይ አቆማት። ሰኔ ተጋምሷል፤ ሰማዩ ከጊዮርጊስ ወዲያ ጠቁሯል። ከእንግዲህ እስከ መስከረም ቀልድ የለም።

ካቴናዋን በነጭ ጋዝ አጥቦ ግራሶ ቀባት። ያለቁትን የፍሬን ጎማዎች በአዲስ ቀየረ። ጭቃው ጀርባው ላይ እንዳይረጭ ከፊትና ከኋላ ፓራፋንጎ አሰረላት። የዝናብ ልብሱንና ለጫማው የሚሆኑ ሁለት ፌስታሎች ጠቅልሎ ከኮርቻው ኋላ ወሸቀ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አላፏጨም፣ አላንጎራጎረም። ሰውዬው ፈርቷል።

ቢፈራም አይፈረድበትም። የሚሠራው ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያለ ማተሚያ ቤት ነው፤ የሚገባው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ። ከእሪ በከንቱ ተነስቶ በዝናብ ታክሲ ሲጠብቅ፣ ሰኔ ከገባ ወዲህ ብቻ ሁለት ጊዜ አርፍዷል። አለቃው ቁርጡን ነግሮታል፦ አንዴ ከደገመ ይባረራል፤ ክረምቱን ሳያረፍድ ከዘለቀ ግን መስከረም ላይ የአሥር ቀን ፈቃድ አለው። ፈቃዱን ለእናቱ ነው ያሰበው። መሐል ሜዳ ከእህቱ ጋር የሚኖሩት እናቱ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ አዲስ አበባ አምጥቶ ሊያሳክማቸው ቃል ገብቷል። "መልክህ ሊጠፋኝ ነው እኮ" ይሉታል በደወለ ቁጥር።

ጎረቤቱ ተስፋሁን ጥርሱን እየፋቀ መጣ።

"አራዳው፣ ይቺን ሳይክል ለእኔ ሽጥና አንተ ጀልባ ግዛ።"

"ከፊቴ ጥፋ።"

"የምሬን ነው። ዋጋ ጥራ።"

ከፋሲካ ጀምሮ ዓይኑን ጥሎባታል። የዓምደሚካኤል ሚስት ምኞትም በዚህ ነገር ከተስፋሁን ጋር ናት። ባሏ በእርጥብ አስፋልት ቁልቁለት ሲወርድ እየታያት እንቅልፍ አጥታለች፤ "ሽጣት" ማለት ከጀመረች ሰነባብታለች።

ከቀትር በኋላ የግቢው አየር ተለወጠ።

ዓምደሚካኤል ፍሬኑን ሊሞክር ወደ ፒያሳ ወጥቶ፣ በአዲሱ የብስክሌት መንገድ አራት ኪሎ ደርሶ ተመለሰ። ከፈረሳ በተረፈችው ግቢያቸው ውስጥ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ምኞትና ተስፋሁን ራስ ለራስ ገጥመው ያወራሉ። ሲያዩት ዝም አሉ። ምኞት ባልዲዋን ሳትሞላ አንስታ ገባች።

"ምንድን ነው?" አለ ዓምደሚካኤል።

"ምንም። ዓምዴ፣ ላግዝህ እንዴ? የኋላው ፓራፋንጎ የላላ ይመስላል።"

ዓምዴ! ተስፋሁን በሕይወቱ እንዲህ ብሎት አያውቅም። ይሄ ሰው መቀለዱን ትቶ ከተለሳለሰ አንድ ነገር አስቧል ማለት ነው አለ በልቡ።

ጥቂት ቆይቶ የግቢው አንጋፋ አቶ ገብረዮሐንስ፣ ከበረንዳቸው የማይነሱት ሰው፣ እየተጎተቱ መጡ።

"ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው፣ ልጄ?"

"አሥራ አንድ ተኩል፣ አባባ። ለምን ጠየቁኝ?"

"እንዲያው ነው። ከዚያ በፊት አትወጣም?"

"አልወጣም።"

"ደግ" አሉና ተስፋሁንን አዩት። ያቺ አስተያየት ለዓምደሚካኤል አልተመቸችውም።

መሸት ሲል እናቱን ሊያገኝ እህቱ ጋ ደወለ። እንደ ክረምቱ ልማድ ኔትወርኩ እምቢ አለ። ሊደግም ሲል ምኞት ስልኩን ከእጁ ወሰደችው።

"ባትሪው አልቋል፤ ቻርጅ ላድርግልህ።"

ስልኩ ከዚያ ወዲያ አልታየም። እሱም ልቡ ብስክሌቷ ላይ ነበርና አልጠየቀም።

እራት ላይ ምኞት እየደጋገመች ጨመረችለት።

"በቃኝ።"

"ብላ እንጂ። ነገ ብዙ ድካም አለብህ።"

"ዳገቱን ማለትሽ ነው?"

"አዎ፣ ዳገቱን" አለች ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ።

እጁን ታጥቦ ብስክሌቷን ሊያስገባ ወጣ። የፊት ጎማዋ ተንፍሷል። ዳሰሰው፤ ሚስማር የለም፣ የብርጭቆ ስባሪ የለም። የኋላውን ነካው፤ እሱም ተንፍሷል። ሁለት ጎማ እንደተማከረ በአንዴ አይተነፍስም። መንፊያውን ፈለገ። ከተሰቀለበት ተወስዷል።

ደሙ ፈላ። ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነለት። ነገ ሊያስረፍዱት ነው። ከሥራው ሲባረር ደግሞ "ከእንግዲህ ሳይክል ምን ያደርግልሃል" ብለው ለተስፋሁን ሊያስረክቧት ነው። ተስፋሁንስ ይሁን፤ ምኞት ግን የእናቱን ዓይን እያወቀች! እሱ ነው አንጀቱን ያሳረረው።

ብስክሌቷን አስገብቶ ከአልጋው እግር ጋር በሰንሰለት ቆለፋት። በእግሩም ቢሆን ይሄዳል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ እነሱ ሳይነቁ አራት ኪሎን ያልፋል። እንዲህ እያሰበ፣ ለሚስቱ ጀርባውን ሰጥቶ ተኛ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሲነቃ ምኞት ከጎኑ የለችም። ዝናቡ አባርቷል። ደጅ ኮቴ ይሰማል፤ የአንድ ሰው ኮቴ አይደለም። አንዱ ሳሉን አፈነ። የተስፋሁን ድምፅ በሹክሹክታ "ቀስ በሉ፣ እንዳይሰማ" አለ።

አሁን ተያዛችሁ አለ ዓምደሚካኤል። ከበሩ ጥግ ዱላ አነሳ። ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ ይብሳል። በሩን በርግጫ በረገደው።

"ሌባ!"

ማንም አልሸሸም።

ግቢውን የሞላው ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል፤ ከፊት የነበሩት የእናቱ ወንድም ቀረብ ብለው ዱላውን ከእጁ ተቀበሉት።