ውሻውን ልትሸጥ

ወይንሸት ጠዋት ከባሏ ጋር የተጨቃጨቀችው በውሻው ነበር። «የመንትዮቹ ወተት ጎድሎብን እንዴት ለውሻ አጥንት እንገዛለን?» አለችው። ባሏ ከረባቱን እያስተካከለ፣ «ልጆቹ ይወዱታል። ትንሽ ታገሺ፤ ደመወዝ ይጨመራል ተብሏል» ብሏት ወደ ቢሮው ወጣ።

እሷ ግን መታገሥ ሰልችቷታል። ልጆቹን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ፣ ውሻውን በገመድ እየጎተተች ከሰፈሯ ራቅ ብሎ ፎቅ ወደሚያሠራ ሰው ሄደች። ሰውየው ዕቃ የሚጠብቅለት ውሻ እንደሚፈልግ ሰምታ ነበር።

አሠሪው ውሻውን ዞር ዞር እያለ አየውና፣ «ይናከሳል?» ሲል ጠየቃት።

«ኧረ ሌባ ካየ አይምርም!» አለች። ለልጆቹ ምን ብላ እንደምትነግራቸው ግን አላወቀችም።

ሰውየው ብር ሊያወጣ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት፣ ውሻው ገመዱን ከእጇ መንጭቆ አመለጠ። ሲሚንቶ ተሸክሞ ደረጃ ወደሚወጣ የቀን ሠራተኛ በረረ።

«ያዙት! ሰው ሊበላብኝ ነው!» እያለች ተከትላው ሮጠች።

ውሻው ከኋላው ሲዘልበት ሠራተኛው ሲሚንቶውን ጥሎ ወደቀ። ወይንሸት ዓይኗን ጨፈነች። ጩኸት ስትጠብቅ ምንም አልሰማችም። ስትገልጥ ውሻው ጭራውን እየቆላ የሠራተኛውን ፊት ይልሳል። አቧራው በለቀቀ ቁጥር ፊቱ እየታየ መጣ።

ባሏ ከወደቀበት ቀና ብሎ አያት።

«ልጆቹን ማን ጋ ተውሻቸው?» አላት።