ፍላሹን የያዘች እጅ

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ግርግር ሰሞን፣ ቡራዩ ባለው የአንዲት ወጣት ፎቶኮፒ ቤት፣ ከኮምፒውተሩ የፍላሽ መሰኪያዎች የምትሠራው አንዷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ላልታለች። ልጅቷ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ብታጸዳም፣ ፍላሹ የሚነበበው በእጅ ቀና ተደርጎ ሲያዝ ነው። እናቷ ያዘችው። ውጭ፣ «የማዳበሪያ ፎርም ነው» የተባሉ ገበሬዎች በጣታቸው ሊፈርሙ ተሰልፈዋል።

«አዴ፣ እንዳይነቃነቅ!» አለ ፎርሙን ሊያሳትም ፍላሹን ያመጣው የቀበሌ ሰው።

ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። በጎልማሶች ትምህርት እንደለመደችው ፊደል በፊደል አነበበችው፦ መሬቴን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ። ልጇን አየቻት፤ ከዚያ ፍላሹን ወደ ታች ተጫነችው። መሰኪያዋ ቀጭ ብላ ተሰበረች።

«ምን ሆነዋል? ይያዙት እንጂ!»

«አንብቤዋለሁ፣ ኦቦ» አለች፣ የተሰለፉት እንዲሰሟት ጮክ ብላ። «የማዳበሪያ አይደለም!»